እሺ ያልኩት እኔ ነበርኩ

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ከቀብሩ በኋላ ትከሻዬን ይዞ «በልብህ ያለውን ሁሉ አውጣው» ሲለኝ አለቀስኩ እንጂ አላወጣሁትም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ አልፈዋለሁ። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ነገር ከእግዚአብሔር መደበቅ ምን ይባላል? እኔ ግን እደብቃለሁ። አሁን የምጽፈው ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነበር። እስካሁን አልቀለለኝም።

ስሜ ኢዮብ ነው። ወንድሜ ታምራት ይባል ነበር፤ ታሜ ነበር የምንለው። «ነበር» ብዬ ስጽፍ እጄ ይቆማል። በሰኔ ነው የሞተው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ሃያ አንድ ነኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ከሆሳዕና አምጥቶ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ያኖረን፣ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካልኝ ሲቀር ቤት ውስጥ ማንም አልተቆጣኝም። ዝምታው ነበር የከበደኝ። ታሜ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ከጎኑ አስቀመጠኝ። «የወደቀው ፈተናው ነው፤ አንተ መች ወደቅክ? ና ቁጭ በል፣ ሥራ ላሳይህ» አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ታሜ ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የታካሚዎቹ ስም፣ ናሙና የሰጡበት ቀንና ውጤታቸው ዳታቤዝ፣ ማለትም የኮምፒውተር መዝገብ፣ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውስጥ የሚፈልግ መሣሪያ የሠራላቸው እሱ ነው። ስም ወይም ቀን ይጻፍበታል፣ ይጫናል፣ ዝርዝሩ ይወጣል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንድ ዝርዝር ነበር፤ ውጤታቸው ደህና ያልሆነ፣ ቶሎ ሊደወልላቸው የሚገባ ሰዎች ስም። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ሲስተር ገነት በየቀኑ ጠዋት ያንን ታወጣና ትደውላለች። ለታካሚዎቹ የሚነገራቸው «ችግር ካለ እንደውላለን» ነው። ስለዚህ ያልተደወለለት ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል።

መሣሪያው እየዘገየ መጣ። ሲስተር ገነት «ታሜ፣ ይሄ ነገርህ እኮ ሻይ ጠጥቼ ስመለስም አልነቃም» እያለች ትቀልድበት ነበር። ታሜ ሊያድሰው አሰበና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እየታገዝኩ እንድሠራው። የምፈልገውን እጽፋለሁ፣ ኤአዩ ኮዱን ይጽፋል፣ ያልገባውን ደግሞ ይጠይቀኛል። «የሚጠይቅህን አንብብ» ይለኝ ነበር ታሜ። «እሱ ፈጣን ነው እንጂ አገሩን አያውቅም። አገሩን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ጳጉሜ አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የሆነው። ታሜ ለአዲስ ዓመት ፕሮግራም የቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምድ ነበረበት፤ ቸኩሏል። ሸሚዙን እየቆለፈ በፊቴ ሲያልፍ ላፕቶፑን አዞርኩለት። ድሮ ደቂቃ የሚፈጀው ፍለጋ በአንድ ጊዜ ሲወጣ አየ። «እሺ እሺ፣ ጥሩ ነው፣ አስገባው» ብሎኝ ደረጃውን ወረደ። ያየው ይህን ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ታሜ ያየው ፍጥነቱን ብቻ ነው።

እሱ ከወጣ በኋላ አዲሱን መሣሪያ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ስሞክር ቀይ የስህተት መልእክት ወጣ። ኤአዩ ቀኖቹን ሲመረምር ቆየና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ወራቸው 13 የሚል መዝገቦች አግኝቻለሁ፤ ወር ከ12 ስለማይበልጥ የተሳሳቱ ይመስላሉ፤ ከፍለጋው ላስወጣቸው ወይ? የሚል ነበር። ስልኬ ጮኸ። ጓደኞቼ ኢምፔሪያል አካባቢ ካፌ ውስጥ ኳስ ሊያዩ ተቀምጠዋል። «አንተ፣ ሞተሃል እንዴ? ሊጀመር ነው እኮ!» አሉኝ። መጣሁ አልኳቸው። ኤአዩን ደግሞ እሺ፣ አስወጣቸው አልኩት።

እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

ላቦራቶሪው የሚመዘግበው በእኛ አቆጣጠር ነው። አሥራ ሦስተኛው ወር ጳጉሜ ነው። ያን ቀን ራሱ ጳጉሜ ላይ ነበርን። አላነበብኩትም እላለሁ አንዳንዴ ለራሴ፤ ውሸት ነው፣ አንብቤዋለሁ። አልገባኝም እላለሁ፤ ያም ውሸት ነው። 13 የሚለው ላይ ዓይኔ ቆሞ ነበር። ከዚያ አለፍኩት። በእንግሊዝኛ ስለተጠየቅኩ በእንግሊዝኛ አሰብኩ መሰለኝ፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ጳጉሜ የለም። ይህም ሰበብ ነው። ማሽኑ እንኳ ተጠራጥሮ ጠይቋል። እኔ ለምን አልተጠራጠርኩም?

ከበዓሉ በኋላ ሁሉም ተደሰተ። ሲስተር ገነት ታሜን «እጅህ ይባረክ» አለችው። ታሜ እናቴን «ልጅሽ ኢንጂነር ሆኖልሻል» አላት። በጳጉሜ ናሙና ሰጥተው ውጤታቸው መጥፎ የሆነባቸው ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ማንም አላወቀም። የጎደለ ስም አይጮህም።

ኅዳር ላይ ሰዒድ የሚባል ሰው ላቦራቶሪው ድረስ መጣ። እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ መገናኛ ጫማ ይሸጡ ነበር። ጳጉሜ ሦስት ቀን ናሙና ሰጥተው፣ ውጤቱ ከበዓሉ በኋላ ቢወጣም ሳይደወልላቸው ስለቀረ ደህና ነኝ ብለው ሥራቸው ላይ ከርመዋል። ወድቀው ሐኪም ቤት ሲገቡ ኩላሊታቸው ሊሠራ የማይችልበት ደረጃ ደርሷል ተባለ። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ማዳን ይቻል ነበር ብሏል ሐኪሙ። የጳጉሜው ውጤት ዳታቤዙ ውስጥ ነበር። ከነቀይ ምልክቱ።

ታሜ ያን ቀን በቀትር ወደ ቤት መጣ። ላፕቶፑን አልጋዬ ላይ አስቀመጠና አንዷን የኮድ መስመር በጣቱ ነካት።

«ኢዮባ፣ ይቺን ማን አስገባት?»

ያን ጥያቄ አሁንም በየቀኑ ራሴን እጠይቀዋለሁ። ያኔ የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። እኔ ማለት። ሰው እኔ ለማለት ስንት ዓመት መማር አለበት? እኔ ግን እንዲህ አልኩት፤ «ስለ ወር 13 ሲጠይቀኝ አሳይቼህ ነበር እኮ። አንተ ነህ እሺ ያልከኝ።»

«እኔ?»

«ሸሚዝህን እየቆለፍክ ነበር። እሺ እሺ፣ አስገባው አልከኝ።»

አያችሁ ምን እንዳደረግኩ? ሸሚዙ እውነት ነው። «እሺ እሺ» ማለቱም እውነት ነው። እውነቱን ወስጄ ውሸቴን አለበስኩት።  ታሜ ያን ቀን ሲያስታውስ ይታየኝ ነበር፤ ሸሚዙን፣ ችኮላውን። ከዚያ «እንደዛ ብዬህ ይሆናል» አለ። ፊቱን ሊታጠብ ሲገባ ከኤአዩ ጋር የተጻጻፍኩትን ሁሉ አጠፋሁት። ጥያቄው የመጣበት ሰዓት እዚያ ላይ ይታይ ነበር፤ ታሜ ቤት ያልነበረበት ሰዓት።

ላቦራቶሪው ስብሰባ ሲጠራ ታሜ «አይቼ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ» አለ። የእኔን ስም አላነሳም። ሌሎቹ የጳጉሜ ታካሚዎች ያንኑ ዕለት ተደወለላቸው፤ ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰባቸውም። ታሜ ግን ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን መገናኛ ሄዶ ወይዘሮ ዘይነባን ለኩላሊት እጥበት ያደርሳቸው ነበር። ቦርሳቸውን ይዞ እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። ወደ ቤት ሲመለስ እኔ ራቴን በልቼ አልጋዬ ውስጥ የተኛሁ እመስል ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ፤ ዘጠኙንም ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ዘጠኝ ቀን ስንት ሰዓት ነው? በየሰዓቱ ልናገር አስቤ በየሰዓቱ ተውኩት። ሲሻለው እነግረዋለሁ እላለሁ። ሲብስበት ደግሞ አላስጨንቀውም እላለሁ።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችን ውሃ ልታመጣ ወጣች። ታሜ ዓይኑን ገለጠ።

«ኢዮባ» አለኝ፣ «ያን ቀን በእውነት አሳይተኸኝ ነበር? እኔ እኮ ጨርሶ ትዝ አይለኝም።»

አልተቆጣኝም። እየለመነኝ ነበር መሰለኝ። በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ነበር፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አዎ፣ አሳይቼህ ነበር» አልኩት።

«እንግዲያው ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ።

እኔ ያላደረገውን ኃጢአት አሸክሜ ሸኘሁት። ይህን እንዴት ብዬ ለእናቴ ልንገራት? ለቅሶ ቤት ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች «ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ያቺ አንዲት ስህተት ባትኖርበት» ሲሉ ሰምታለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ውሃ አድያለሁ። ሰው «ወንድምህን ያስመስልህ» ሲለኝ አሜን ብያለሁ።

አሁን ነሐሴ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። በር ሲንኳኳ ሰዒድ ይመስለኛል። አንድ ቀን ኤአዩ ያጠፋሁትን መልሶ የሚያወጣበት መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ ስፈራ አድራለሁ። ከዚያ ደግሞ ምነው በወጣ እላለሁ፤ እኔ ያቃተኝን እሱ ይናገርልኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። በእግዚአብሔር ፊት እላለሁ፣ ልነግራቸው ነው የሄድኩት። ከገርጂ እስከ መገናኛ ታክሲው ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። እሳቸው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ እጃቸው በመርፌ ብዛት ጠቁሯል። እንዳዩኝ አለቀሱ።

«የታምራት ወንድም! ና ልጄ፣ ና ግባ። ቁርጥ እሱን እኮ ነህ።»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እጄን ያዙኝ። «ስማኝ ልጄ። ወንድምህ እግሬ ላይ ወድቆ ለምኖኛል። እኔም ከልቤ አፉ ብዬዋለሁ። በዚች ነገር ነፍሱ እንዳትጨነቅ፤ ለእናትህም እንዲህ ብለህ ንገራት። በል ሻይ ጠጣ።»

ሻዩን ጠጣሁ። አመሰገንኩ። ወጣሁ። ለእናቴም ይቅር እንዳሉት ነገርኳት፤ እሷም ተንበርክካ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ስክድ ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ለታሜ ሁለቴ፣ ለእሳቸው አንዴ፤ እሳቸው ፊት ደግሞ መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዝም ማለቴ ብቻ በቃኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። ማሽኑ ነው አልልም፤ ማሽኑ ጠይቆኛል። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ለእናቴ አነብላታለሁ፤ ከዚያ መገናኛ ይዤው እሄዳለሁ። ይህን የምለው ለእናንተ ነው፤ ካልሄድኩ ውሸታም መሆኔን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር። ወይዘሮ ዘይነባ ይቅርታቸውን የሰጡት ለታሜ ነው። ታሜ ይቅር የሚባልበት ነገር አልነበረውም። እኔን ግን እስካሁን ማንም ይቅር አላለኝም።