አራስ የተባለው ኮምፒውተር

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ከአምቦ ገበያ ስመለስ በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ልቤ ሞቅ ይላል። ደግ ሰው ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ነጭነቱ ወደ ቢጫ የዞረ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የፈተና ጥያቄ የምጽፈው በእሱ ነው። ገመቹ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ሚሞሪ አስጨመርኩ፣ ፕሮሰሰሩንም አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ሩብ ሰዓት ሳይሠራ ይግልና ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ከእናቴ ጋር ሄደን ነገርነው። እናቴ የዋህ ናት፤ «በዳንቴል ሸፍኜ ነው የማስቀምጠው፣ አቧራ እንኳ አይነካው» አለችው።

ሱቁ ሰው ነበረበት። ገመቹ ሳቀ። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ኮምፒውተር አራስ ነው እንዴ የሚጠቀልሉት? በጨርቅ አፍነው ነው የገደሉት።»

ስንከፍተው ሁሌ እናነሳዋለን ብል ማን ሰምቶኝ። ያንን ዳንቴል እናቴ በደከመ ዓይኗ ክረምቱን ሙሉ ነው የሠራችው። ቤት እንደደረስን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የቴሌቪዥኑንም፣ የፍሪጁንም ገፈፈች። ቤታችን የተዘረፈ መሰለ። ያን ቀን ቂም ያዝኩ።

ያለ ዳንቴልም ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አልተወም። በቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈትቼ ጎኑን ከፈትኩት። ሳበራው የሚያቀዘቅዘው ፋን አይዞርም፤ ገመቹ ሳያስር የተወው ሽቦ ገብቶበት ይዞታል። አጥፍቼ በጣቴ ማውጣት እችል ነበር። አላወጣሁም። ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሱቁ ይሞላል። ጎኑ እንደተከፈተ በባጃጅ ወሰድኩለትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አራሷን አምጥቼልሃለሁ» አልኩት። «ልብሷን ገፍፈንላታል። አብራትና ሰዉ ይያት።»

አበራው። ፋኑ ንቅንቅ አላለም። ሽቦውን አየ፤ ሰዎቹም አዩ። አጥፍቶ ሽቦውን መዝዞ መልሶ ሲያበራው ፋኑ ቱር ብሎ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይቅርታ፣ ቲቸር» አለኝ ገመቹ።

«የሰደብከው እኔን አይደለም። ነገ ቤት ና።»

መጣ። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል እናቴ ትከሻውን ይዛ አነሳችውና ወዲያው ይቅር አለችው። እኔ በገንኩ። ጭራሽ ያንን ዳንቴል ከሳጥኗ አውጥታ «ለሱቅህ ኮምፒውተር ይሁንህ፣ ልጄ፤ አቧራ እንዳይነካብህ» ብላ ሰጠችው። የእናት ስጦታ እንዴት ይመልሳል? «ገለቶማ፣ ሃርሜ» ብሎ አመስግኖ ተቀበለ። ያፈረ ፊቱን ሳይ ንዴቴ በረደ።

እናቴ በየገበያው ቀን ሰላም ልትለው ጎራ ስለምትል ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ሊያነሳው አልቻለም። እሷ ከልቧ ይቅር ብላዋለች። እኔ ግን ሳልፍ አንገቴን አስግጌ አያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ለምን እንደሸፈነው ሲጠይቀው ሰማሁ።

«አቧራ እንዳይነካው» አለ ገመቹ፣ ቀና ሳይል።

ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።