ሀያት ሀፍላውን አስቆመችው

ዛሬ ልጄ ሀያት ሀፍላውን፣ የከተማውን አውቶብስ፣ በጣቷ አስቆመችው። እኔ ከኋላዋ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ።

ሀያት ሁለተኛ ደረጃ፣ ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የምትማረው። ቃል ከአፏ ቶሎ አይወጣላትም።

እዚህ ካርቱም ደግሞ እንደ አገራችን "ወራጅ አለ" ብሎ የሚጮህ የለም። መውረድ የፈለገ ጣቱን ቀጭ ያደርጋል፣ አውቶብሱ ይቆማል። አስተማሪዋ፣ ኡስታዛ፣ "ይሄ ከተማ ለሀያት ይመቻል" ብላ ክፍሉን በሙሉ ጣት ማጮህ አስተማረች። እኔም ወጥ እያማሰልኩ አብሬያት ተለማመድኩ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

ዛሬ ከቡሪ እስከ ጀሪፍ ብቻዋን የምትሄድበት ቀን ነበር። ኡስታዛ "እንዳትከተያት" ብላኛለች። ወላሂ አላስቻለኝም።

መውረጃችን ሲቃረብ ሀያት ጣቷን አላነሳችም። ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ቀጭ አደረገች። ሀፍላው ቆመ።

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ "እማ... ያላ... ውረጂ" አለችኝ።

ለካ ከቡሪ ጀምሮ አይታኛለች።

እናንተስ ልጃችሁን ተደብቃችሁ ስትከተሉ ተይዛችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልፈር። ኩራቱን ግን ለማንም አላካፍልም።