ሃያ ኪሎ ሲደመር ይሉኝታ

እኔ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ኩሽኔታና ብሎን ስሸጥ ኖሬያለሁ። የእያንዳንዱን ብረት ስም አውቃለሁ፤ ጠባዩን ግን አላውቅም። ሠርግ ላይ ሁሉንም ሰው እየሳመ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ አይደል? እሱ ነኝ። ይህንን ምስጢር የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት። ኮልፌ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግን ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እኔ ዝም ስላልኩ ማዕረግ ሆኖ ቀረ።

ማዕረጉ ያመጣብኝን ጣጣ ላውራችሁ።

የእኛ ሕንፃ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚያገኘው። እሱም ቢሆን ሽቅብ መውጣት አይሆንለትም፤ ምድር ቤት ያለችው ቧንቧ ጋ ደርሶ ይደክመዋል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የእኛ ነው፦ ጀሪካን፣ ደረጃ፣ ወገብ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እማማ ይኖራሉ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን መርካቶ በርበሬ ሲነግዱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። አእምሯቸው ምላጭ ነው። ጉልበታቸው ግን እንኳን ጀሪካን ተሸክመው ባዶ እጃቸውንም ደረጃ ሲወጡ ይጮህባቸዋል።

አንድ ቀን ሴቶች በተሰበሰቡበት «የእማማ ውሃ ምን አላት! እኔ አወጣላቸዋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ፉከራ አንድ ጊዜ ነው፤ ውሃ ግን በየሳምንቱ ነው። እኔ የምኖረው አንደኛ ፎቅ ነው፤ ሆዴ ደግሞ ሁልጊዜ ከእኔ አንድ ደረጃ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነኝ።

ታዲያ አንድ እሁድ ጀሪካኑን እማማ በር ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለከልክ፣ ቤቴል የሚኖረው ልጃቸው መጣ። የእኔ እኩያ ነው። ላቤን አየ፣ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ በቃ» አለ። «እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ይቀርልሻል።»

«ያንተ ቤት ምን ልሠራ?»

«ምንም አትሠሪም! ቁጭ ትያለሽ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አሉ እማማ። «እዚህ በሬን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። እዚያ ሠራተኛዋ ናት የምትከፍትልኝ። እንግዳ ሆኜ ልሙት?»

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ውሃሽን እንኳ ራስሽ ማውጣት አትችዪም እኮ፣ እማዬ!»

«ባወጣስ?»

«በምን ጉልበትሽ?»

«በመዘውር!» አለ አንድ ሰው። ዞር ብዬ ማን እንደሆነ ባይ እኔው ነኝ። አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ የመውጣት ልማድ አለው።

በዚያው ስምምነት ላይ ተደረሰ። የሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሁድ ልጁ ይመጣል። እማማ አንድ ሙሉ ጀሪካን የማንም እጅ ሳይነካው ከምድር እስከ በረንዳቸው ካወጡ፣ ስለ ቤቴል ሁለተኛ አያነሳም። ካልቻሉ እቃቸው ይጫናል። እማማ ልጃቸውን ሸኝተው ሲመለሱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አደራህን። ታውቅበታለህ አይደል?»

«እማማ! ኢንጂነር እኮ ነኝ።»

ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ከበረንዳቸው ጣሪያ ሥር ቱቦላሬ የሚባለውን ውስጡ ባዶ ብረት ወደ ውጭ አውጥቼ አሰርኩ። ጫፉ ላይ ከሱቄ ያመጣሁትን የመኪና ቺንጊያ የሚዞርበትን መዘውር ሰቀልኩ፣ ገመድ አሳለፍኩ። ለጀሪካኑ መንጠቆ ደግሞ ከአሮጌ ወፍጮ የተነቀለ፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር የጊዛ ብረት አገኘሁ። ጊዛ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት ነው፤ ሲያዩት ያስፈራል። ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው አልኩ። በዚህ ሒሳብ እኔም ጠንካራ ነበርኩ።

እማማ ገመዱን ያዙና ሳቡ። ጀሪካኑ አንድ ስንዝር ተነሳና ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ያው ሃያ ኪሎ ነው።»

«መዘውሩ አዲስ ስለሆነ ነው እማማ። ይለምዳል።»

እንዴት እንደሚሳብ ላሳያቸው ብዬ ገመዱን ተቀበልኩ። ሁለተኛ ፎቅ ጋ ሲደርስ ጉልበቴን ላሳይ ፈለግሁና መንጨቅ አደረግሁት። ጧ! መንጠቆው ለሁለት። ጀሪካኑ ቁልቁል ሄዶ ግቢው ውስጥ የተቀመጠው የሚስቴ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ አረፈ። ደግነቱ በአካባቢው ማንም አልነበረም። ሳፋው ግን ከዚያ በኋላ ሳፋ አልነበረም።

ሚስቴ ከታች ወጥታ ቀና ብላ አየችኝ። «ኢንጂነር፣ ውሃው ወደ ላይ ነበር የሚሄደው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?»

በማግስቱ የተሰበረውን መንጠቆ በፌስታል ይዤ አየር ጤና አንድ የማውቀው በያጅ ጋ ሄድኩ። ለሃያ ዓመት ዕቃ ስሸጥለት አንድ ቀን ምክር ጠይቄው አላውቅም። ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዞረና ሳቀ።

«እየው፣ ውስጡ እንደ ስኳር ነው። ጊዛ ከላይ ሲጫኑት ግንብ ነው፤ ሲጎትቱት ግን አይሆንለትም። ኩራተኛ ስለሆነ አያጎነብስም። ከበደኝ ሳይልህ ነው የሚሰበረው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

መሬት ላይ ከወደቀ የግንባታ ፌሮ አንድ ቁራጭ አነሳ። «ይሄ ቀጭን ነው፣ መልክም የለው። ግን ይለምንሃል። ሲከብደው መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ 'ኧረ ጋሼ!' ይልሃል። ካልሰማኸው ያኔ ጥፋቱ ያንተ ነው።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ ከሁለቱ የቱ ነህ?»

«እኔማ ላስቲክ ነኝ» አልኩት ሆዴን መታ አድርጌ።

የመዘውሩን ነገር ስነግረው ደግሞ ሥራውን ትቶ ተቀመጠ። አንድ መዘውር የጉልበትን አቅጣጫ ነው እንጂ ልኩን አይቀይርም አለኝ። ወደ ላይ የምታነሳውን ወደ ታች ትስበዋለህ፣ አለቀ።

«አንድ ጀሪካን አራት ሰው ቢይዘው ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

«አምስት ኪሎ።»

«ገመዱን በመዘውር ላይ አራት ጊዜ አመላልሰው፣ ሁለት መዘውር ከላይ፣ ሁለት ከጀሪካኑ ጋር። አራት ሰው ቀጠርክ ማለት ነው።»

«በነጻ?»

«በነጻ የሚባል ነገር እዚህ ሰፈር አይተህ ታውቃለህ? አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ አራት ሜትር ገመድ ትስባለህ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ራሴን ስነቀንቅ አልሰማሁም ማለት ነው፤ ሚስቴ ብትጠየቅ ትመሰክራለች። ከዚያ ሄጄ አሥራ ሁለት ሜትር ገመድ ገዛሁ። የእማማ በረንዳ ዘጠኝ ሜትር ከፍታ አለው፣ ሦስቱ ለክፉ ቀን። ገመዱ አራት ጊዜ ሲመላለስ ጀሪካኑ ሁለተኛ ፎቅ ጋ እንኳ ሳይወርድ አለቀ። ተመልሼ ጨመርኩ። አልበቃም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ገመድ ሻጩ «ጋሼ፣ በግ ነው የሚያስሩት ወይስ ተራራ?» አለኝ።

በመጨረሻ ተሳካ። የመዘውሮቹ እምብርት ውስጥ ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ ገባ፣ ግራሶ ጠጣ፣ ሲጢጥ ማለቱን ተወ። ከበያጁ ጋር ሆነን ቱቦላሬው እንደ መዝጊያ በማጠፊያ እንዲዞር አደረግነው፤ ጀሪካኑ ሲደርስ እማማ ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ ማንሳት የለም። ፌሮው መንጠቆ ሆነ። እማማ በሁለት እጃቸው ሳቡ፣ ጀሪካኑ እንደ ድመት ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ።

«አምስት ኪሎ!» አልኩ እጄን አጨብጭቤ።

«ቀሏል» አሉ። ጥቂት ክንድ ከሳቡ በኋላ «ልጄ፣ ግን ይሄ ገመድ መጨረሻው የት ነው?»

እውነታቸውን ነበር። አንድ ክንድ ሲስቡ ጀሪካኑ ግማሽ ስንዝር ነው ከፍ የሚለው። ገመዱ እግራቸው ሥር ተከመረ፣ ጀሪካኑ ግን ገና አንደኛ ፎቅ የእኔን መስኮት እያየ ነው።  ልጁ ይህንን ሲያይ «ይሄማ ኑሮ አይደለም» እንደሚል ታወቀኝ።  እማማ ግን ገመዱን የበረንዳው ብረት ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመው፣ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው አረፉ። ሃያው ኪሎ ባለበት ቆመ።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«የበርበሬ ጆንያ መኪና ላይ ስንጭን ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚይዘው። ገመድ ብረት ሲያቅፍ ጉልበት አይፈልግም።» በዚያች ደቂቃ ማዕረጌን ላስረክባቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።

እሁዱ ደረሰ። ግቢው ሞላ፤ ሕንፃው ሙሉ ነው የወጣው። ልጁ እጁን አጣምሮ ከታች ቆመ። እማማ ከበረንዳ ሆነው ተናገሩ፦ «ማንም እጁን እንዳያስገባ! አግዛለሁ የሚል ሰው ለቤቴል ነው የሚሠራብኝ።»

ይህ ለእኛ ሰፈር ከባድ ትእዛዝ ነው። አዛውንት ሲስቡ ቆሞ ማየት ማንም አልለመደም። እኔ ራሴ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የቆምኩት። እማማ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ይስባሉ፣ ይጠመጥማሉ፣ ያርፋሉ፣ ከታች ካለው ሰው ጋር ያወራሉ። «ልጅሽ አገባ?» ይሉና ሁለት ክንድ ይስባሉ። «የየት አገር ልጅ?» ይሉና ሁለት ክንድ።

ጀሪካኑ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ጋ ሲደርስ፣ እዚያ የምትኖረው ጎረቤታችን ብቅ አለች። መርዳት እንደማይቻል ሰምታለች። አልረዳችም። ግን ከሁለት ሳምንት በፊት እማማ ጎመን ልከውላት ነበር፣ የእማማ ብረት ድስትም እሷ ጋ ነው። የሰው ድስት ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ድንች ወጥ እስከ አፉ ሞልታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ «እግረ መንገዱን ያድርስልኝ!» ብላ መንጠቆው ላይ አንጠለጠለችው።

እኔ ሃያ ኪሎ ብዬ ነው ያሰላሁት። ይሉኝታን አላሰላሁም።

ፌሮው ከታች ይታየኛል። ቀስ ብሎ ጎበጠ። ከዚያ አፉ መከፈት ጀመረ፣ ልክ በያጁ እንዳለው፣ ኧረ ጋሼ እያለኝ።

«እማማ! መንጠቆው!» ጩኸቴ ቤቴል ሳይሰማ አልቀረም። «ሰው ይውጣ ከሥር! ኧረ ድስቱ!»

ልጁ ወደ ደረጃው ሮጠ። እማማ ገመዱን ሦስቴ ጠመጠሙና ቁልቁል አዩት። «አንተ! አንድ እርምጃ ብትወጣ ተሸነፍክ። ቁም!» ቆመ። ከዚያ ለጎረቤቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ድስቱን አውርጂና በእግርሽ አምጪው። እግርሽ ደህና አይደል?» አሏት።

ሴትዮዋ ድስቱን አወረደች። ፌሮው እንደጎበጠ፣ ሳይሰበር፣ ሃያውን ኪሎ ይዞ ቆመ። ጊዛ ቢሆን ኖሮ ወጡም ውሃውም የተከበረው እንግዳችን እግር ሥር ነበሩ።

እማማ እንደገና ሳቡ። ሻሻቸው ሸርተት ቢልም ገመዱን አልለቀቁም። ጀሪካኑ ደረሰ፣ ቱቦላሬው ዞረ፣ ገመዱ ላላ፣ ሃያ ሊትር ውሃ በረንዳቸው ላይ ዷ ብሎ አረፈ። ጭብጨባውን ተዉት።

ልጁ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ እኔም ተከትዬው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጀሪካን። እናቱን አቀፈ፤ ነገሩ ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «እሺ እማዬ፣ ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ? ለአንድ ጀሪካን?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ያለቀብኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ጊዜማ ሞልቶኛል። የማይጠቅመኝን ሰጥቼ የሌለኝን ነው የወሰድኩት። ነጋዴ አይደለሁም እንዴ?»

በያጁ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ፣ እኔም ራሴን ነቅንቄ ያለፍኩት ነገር ያኔ ገባኝ። አራት ሜትር ስቦ አንድ ሜትር ማግኘት ለእኔ ኪሳራ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ጥሩ ገበያ ነው።

ልጁ የተከፈተውን መንጠቆ ፈትቶ በእጁ አገላበጠው። «ይሄ ግን ይቀየራል» አለኝ። «የት ነው ያሠራኸው? ና ግባ።» በመኪናው አየር ጤና ወሰደኝ። በያጁ እሁድም እሳቱ አይጠፋም። መንጠቆውን አይቶ ፈገግ አለ።

«ለመነህ አይደል? አዲሱ ስንት ኪሎ ይቻል?»

«ውሃው ሃያ ነው» አልኩ። «ለአርባ አድርገው።»

ልጁ ከኋላዬ ሆኖ «ስልሳ አድርገው» አለው። «ጎረቤቶቿን አታውቃቸውም።»