መልሱ በካሴቱ ጀርባ

ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክጠራ የጠበቅሁት ጊዜ ረጅም ነበር። ኬንያ ውስጥ እንዲህ ነው፤ ፈተናው ይታለፋል፣ ከዚያ ተራ እስኪደርስ ቤት መቀመጥ ነው። እናቴ ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር የውጭ አገር ሰዎች ቤት ትሠራ ስለነበር እኔ ኢስትሊ ሰፈር ባለው ክፍላችን ብቻዬን እውላለሁ። ዋናው ሥራዬ እሑድ እሑድ በጉባኤ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ነበር። የደስታውን በደስታ፣ የሐዘኑን በሐዘን ታነባለች ይሉኛል። እኔም በድምፄ እኮራ ነበር።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ይኖሩ ነበር፤ ሁላችንም መምህር እንላቸዋለን። አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ወደ ናይሮቢ ሲመጡ የዓይናቸው ብርሃን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከክፍላቸው የሚወጡት በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ እሑድ ለአምልኮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ምድር ቤቱ ላይ ባለው ሻይ ቤት ቼዝ ለመጫወት። ሰሌዳቸውን አናጢ ነው የሠራላቸው። እያንዳንዱ ቤት ቀዳዳ አለው፣ ጠጠሮቹ እዚያ ላይ ይሰካሉ፣ ጥቁሮቹ ከነጮቹ እንዲለዩ አናታቸው ላይ ምስማር ተመትቶባቸዋል።

ተጋጣሚያቸው ሐጂ ነበሩ፤ የሞያሌ ሰው፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት። ለዓመታት የሚያሸንፉት መምህር ነበሩ። አንድ ቀን ሐጂ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት መሐል የቼዝ መጽሐፍ አግኝተው ገዙ። በየገጹ የሰሌዳ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በታች «ነጭ እንዴት ያሸንፋል?» የሚል ጥያቄ፣ ከጥያቄው በታች መልሱ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሐጂ ሆነ።

«መምህር፣ አትቀየመኝ» አሉ አንድ ጊዜ አሸንፈው ጠጠሮቹን ሲሰበስቡ። «ያሸነፈህ እኔ አይደለሁም፣ ገጽ አርባ ነው።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። መምህር አልሳቁም። ደረጃውን ይዣቸው ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉ።

«በሰው ጭንቅላት ብሸነፍ ግድ የለኝም» አሉ። «እኔ ግን የምሸነፈው ልከፍተው በማልችለው መጽሐፍ ነው። ከእንግዲህ አልወርድም።»

ካልወረዱ ከእሑድ በቀር ክፍላቸው ውስጥ እንደሚቀሩ ገባኝ። «እኔ በካሴት ላንብብልዎት?» አልኳቸው፣ ቼዝ በደንብ ሳላውቅ።

በማግስቱ ሐጂ ሱቅ ሄጄ መጽሐፉን እንዲያውሱኝ ለመንኩ። «ውሰጂ» አሉ። «ኋላ መጽሐፍ የሌለውን ሰው አሸነፈ እንዳይሉኝ።»

የእናቴ አሠሪዎች የጣሉት፣ ክዳኑ የተሰበረ ቴፕ ነበረን። መስኮቱን ዘግቼ፣ የማታቱው፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ጡሩምባ ጋብ ሲል እየጠበቅሁ አሥር ጥያቄ ቀዳሁ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ መምህር እንግሊዝኛ ቢያውቁም «የማስበው በአማርኛ ነው» ስላሉኝ እየተረጎምኩ ነበር የማነበው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ጠጠር የት እንዳለ እናገራለሁ፣ ከዚያ ጥያቄውን፣ ከዚያ መልሱን። እንደ እሑዱ አድርጌ፣ በሙሉ ልቤ ነው ያነበብኩት።

መምህር ሰሌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቴፑን አቆሙት።

«ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ሞክረሻቸዋል?»

«አዎ መምህር። ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ።»

«መልሱ ከሥር ተጽፎ የለም እንዴ?»

«በእጄ ሸፍኜ ነው የሞከርኩት።»

«እኔስ በምን ልሸፍን?»

«ሶሪ መምህር። ከመልሱ በፊት ትንሽ ዝም ልበል?»

«ስንት ደቂቃ? እኔ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ቀን ያስፈልገኝ ይሆናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ሌላም ነገር አለ። ፈረሱ ያለበትን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ሞቅ አለ። መልሱ ፈረሱ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። እሑድ እንደዚያ አንብቢ። ለእኔ ግን የገበያ ዝርዝር እንደምታነቢ አድርገሽ አንብቢልኝ።»

ከፋኝ። የምኮራበት ድምፅ ነበር መልሱን ያሳበቀው። ሐጂ መጽሐፉን የምመልስበትን ቀን በአንድ ሳምንት አራዘሙልኝና እንደገና ጀመርኩ። ጥያቄዎቹን በአንዱ ፊት፣ መልሶቹን በሌላው ፊት በተራ ቀዳኋቸው። እሱም አልሆነም። መምህር ካሴቱን ወዲያና ወዲህ እያጠነጠኑ የሦስተኛውን መልስ ሲፈልጉ የአምስተኛውን ሰሙት።

ዘዴውን ያገኘሁት ከእናቴ የመዝሙር ካሴት ነው። እናቴ አንድ የምትወደው መዝሙር አላት። እሱ እንዳለቀ ካሴቱን ከገለበጠችው፣ ሁልጊዜ ከጀርባ የሚመጣው ያው አንድ ሌላ መዝሙር ነው፤ ያውም ከዚያው ከመሐሉ። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ክሩ አንድ ነው። ፊቱ ወደፊት በሄደ ቁጥር ጀርባው ወደኋላ ይመለሳል። ታዲያ ጥያቄውን ቀድቼ እንደጨረስኩ እዚያው አቁሜ ብገለብጠውና መልሱን እዚያው ብቀዳው፣ መምህርም እዚያው ላይ ሲገለብጡት የሚያገኙት የዚያኑ ጥያቄ መልስ ብቻ ነው።

እንደዚያ አደረግሁ። መልሱን ቀድቼ ስጨርስ ካሴቱን መልሼ እገለብጥና ጥያቄው እስኪያልቅ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ሌላውን እቀጥላለሁ። መጀመሪያ አበላሸሁት፤ የሦስተኛው መልስ ረዝሞ የሁለተኛውን መልስ መጀመሪያ አጠፋብኝ። ለካ ጥያቄው ከመልሱ መርዘም አለበት። ስለዚህ የጠጠሮቹን አቀማመጥ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። መምህርም ለካ ሁለት ጊዜ መስማት ይፈልጉ ኖሯል፤ እንዳያስቸግሩኝ ብለው ነው ዝም ያሉት። በጥያቄው ፊት ላይ በጣት እንዲታወቅ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ድምፄን ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሳሙና እንደምል አደረግሁት። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር።

መምህር የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰሙ፤ ቴፑን አቆሙ፤ ሰሌዳውን ዳሰሱ። ንግሥቲቱን አንስተው ሌላ ቤት ላይ ሰኩና ካሴቱን ገለበጡት። መልሱ መጣ፤ የንግሥቲቱ እርምጃ ነበር። ቀና ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይኸውልሽ» አሉ፣ «የሚሸፍን እጅ።»

በዚያው ቀን ስድስት ጥያቄ ሠሩ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ሰኞ ዳቦ ይዤ ስሄድ ካሴቱ ፕላስተሩ ያለበት ፊት ላይ እንዳለ ነው፤ አልተገለበጠም። ማክሰኞም እንዳለ ነው። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳው ላይ እንዲያ አጎንብሰው ሳያቸው አላስችል አለኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል?»

«አሁን ደግሞ አንቺን በምን ልሸፍን?» አሉኝ።

ዳቦውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ረቡዕ ራሳቸው አስጠሩኝ። «ሁሉም ሰው ወታደሩን ወደፊት ይገፋዋል» አሉ። «እኔም ሁለት ቀን ስገፋው ነበር። ንጉሡ ነው አንድ እርምጃ ወደኋላ የሚመለሰው።» ከዚያ ካሴቱን ፊቴ ገለበጡት። ድምፄ ሽንኩርት እንደሚቆጥር ሰው ደረቅ ብሎ ንጉሡ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንደሚመለስ ተናገረ። መምህር እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አንብቤ አድናቆት አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ግን የለም። ድምፄ ምንም አላገዛቸውም ነበር።

ቅዳሜ ደረጃውን ወረዱ። ሐጂ ወንበር ሳቡላቸው። ጨዋታው ረዘመ፣ ሻዩ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። መምህር ጣታቸውን ግንብ የሚባለው ጠጠር አናት ላይ እንዳደረጉ ሲቆዩ ሐጂ አላስቻላቸውም።

«መምህር፣ ካሴቱን ልገልብጥልህ?»

«ቆይ» አሉ መምህር፣ «ገና ጥያቄው አላለቀም።»

ከዚያ ግንቡን ነቅለው ሌላ ቤት ላይ ሰኩት። ሐጂ ሰሌዳውን አዩ፤ ጢማቸውን ያዙ፤ እንደገና አዩ። በመጨረሻ ንጉሣቸውን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ይሄ ስንተኛው ገጽ ነው? እኔ አላየሁትም።»

«ገጽ የለውም» አሉ መምህር። «የራሴ ነው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያንን ካሴት ለእኔም ቅጂልኝ።»

«እርስዎ እኮ መጽሐፉ አለዎት፣ ሐጂ።»

«አለኝ። እጄ ግን አይታመንም። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ይነሳል።»

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት በሐጂ ሱቅ በኩል ሳልፍ ከጨርቁ ክምር መሐል የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ ንጉሡ የት እንዳለ፣ ወታደሮቹ የት እንዳሉ ይዘረዝራል። አንዲት ደንበኛ ጨርቅ ይዛ ቆማለች።

«ይህቺ ልጅ ምን እያለች ነው?» አለቻቸው።

ሐጂ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ትንሽ ታገሺኝ እህቴ» አሉ። «ገና አልገለበጥኩትም።»