ያለ ፊውዝ የተለቀቀችው ቮልስ

ጽጌሬዳ ሶዶ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት የጀመረች ሰሞን ደንበኛ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ አጠገቧ ይቆምና «ሠራተኛው የታለ?» ይላት ነበር። «ሠራተኛዋ እኔ ነኝ» ስትለው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ሰበብ ፈልጎ ይሄዳል። እንዲህ ብለው ያልጠየቋት የመጀመሪያው ሰው ጋሼ ወልደሰንበት ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ከተማው ውስጥ የከፈቱትን የደብተርና የእስክርቢቶ ሱቅ ይዘው የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ነጭ ቮልሳቸውን አቁመው ቁልፉን ሰጧት፤ «ፍሬቻው እምቢ ብሏል፣ እዪልኝ» አሏትና ጥግ ይዘው ጋዜጣቸውን ማንበብ ጀመሩ። እሳቸውን ያየ ሌላውም እየደፈረ መጣ። ዛሬ ያላትን ስም በግማሽ ያገኘችው በዚያች ቮልስ ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጋሼ ወልደሰንበት ጥቁር ኮት ለብሰው መጡ። ጉኑኖ የሚኖር የልጅነት ጓደኛቸው ዐርፎ ለቀብር መሄዳቸው ነበር። የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ ከተማው ወርዶ አሥር ክንድ አያሳይም፤ የቮልሷ የግራ የፊት መብራት ደግሞ ጠፍቷል።

ጽጌሬዳ ፊውዙን አየች፤ ተቃጥሏል። ሌላ ስትተካ በራ። መኪናዋን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘቻት፤ ወዲያው ተቃጠለ። አምፖሉን ነቅላ ሌላ ፊውዝ አስገባችና ደግማ ወዘወዘች፤ ያም ተቃጠለ። እንግዲህ ጥፋቱ ከአምፖሉ አይደለም፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ልባሱ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። የቮልስ የቤንዚን ታንክ ደግሞ ከፊት ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው በታንኩ ጎን ነው።

«ጋሼ፣ ታንኩ ወርዶ መስመሩ መታየት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅብኛል» አለቻቸው።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው እኮ፣ ልጄ።»

«በሌላ መኪና አይሄዱም?»

«መናኸሪያ ደርሼ ነው የመጣሁት። ሕዝቡ ተሰልፏል፣ መኪና የለም። ለዛሬ ብቻ ዳይሬክት አድርጊልኝ፤ ሰኞ አምጥቼ አስረክብሻለሁ።»

ዳይሬክት ማድረግ ማለት በፊውዙ ቦታ ሽቦ መግጠም ነው። መብራቱ ይበራል፤ ነገር ግን ልባሱን የጣለው ሽቦ ብረት የነካ ዕለት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ነገር የለም። ይህን ጽጌሬዳ ለስንቱ ደንበኛ ስትናገር ኖራለች። ቢሆንም ቸኩሎ ለለመናት ሰው ከዚያ በፊትም ሦስት ጊዜ አድርጋዋለች። ለቀብር የቆሙ፣ ባለውለታዋ የሆኑ ሰው ፊት «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። የመዳብ ክር መዘዘችና በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠምጥማ ገጠመችው። መብራቱ ቦግ አለ። «ተባረኪ» ብለዋት ሄዱ።

ሰኞ አልመጡም። ሐሙስ በሱቃቸው በር ስታልፍ «ጋሼ፣ ያቺን ነገር እንጨርሳት እንጂ» አለቻቸው።

«አመጣታለሁ። ምን ጎደላትና? እንደ ፀሐይ ነው የምታበራው» አሉ እየሳቁ።

እሷም ሥራ በዛባት። ነሐሴ እንዲሁ አለቀ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጋሼ ወልደሰንበት ደብተር ጭነው ወደ ጉኑኖ ተነሡ፤ የኋላ ወንበሩም፣ ቮልስ ዕቃ የምትጭንበት የፊት ኮፈኑም ሙሉ ነበር። ጠዋቱ ጉም ስለነበረ መብራት አብርተዋል። ኮረኮንቹ መሐል ከመሪው ሥር ጭስ ሲወጣ አቁመው በደህና ወረዱ። መንገድ ዳር የነበሩት ገበሬዎች ይህን በዓይናቸው አይተዋል፤ ሰውየው ወርደው፣ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ከዚያ ደብተሩ ትዝ አላቸው መሰል ተመልሰው ኮፈኑን ከፈቱት። እሳቱ ወደ ፊታቸው ወጣ። ገበሬዎቹ በጭቃና በእርጥብ የእንሰት ቅጠል አጠፉላቸው፤ ሆስፒታልም ደረሱ፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

የተቃጠለችው ቮልስ የትራፊክ ፖሊስ ግቢ ተጎትታ ቆማ ነበር። ጽጌሬዳ ሄዳ ውስጧን አየች። የፊውዞቹ ማቀፊያ ቀልጦ ተጣብቋል፤ እሷ የጠመጠመችው መዳብ ግን ጠቆረ እንጂ አልተበጠሰም። የግቢው ፖሊስ «ሙያሽ ነውና ምን ይመስልሻል?» አላት። «ሽቦ ነው፣ ያለ ፊውዝ ነበረች» አለችው። «አሮጌ መኪና ምን ፊውዝ አላት» አለና ይጠግነው ከነበረው ሞተር ብስክሌት ጋር መታገሉን ቀጠለ። ማን እንደገጠመው አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሣት መዳቡ ብቻ አልነበረም። የግራውን መብራት ፊውዝ ነቅላ በቀኙ ብቻ ልትሸኛቸው ትችል ነበር። በአንድ መብራት ቀስ ብለው ነድተው ከቀብሩ ይደርሱ ነበር። ይህ በዚያ ዓርብ ትዝ አላላትም።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ጣፈጠች ቤት ሄደች። ሴትየዋ ብቻቸውን ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ጽጌሬዳ ከበሩ እንደገባች፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲሰሟት ከሰፌዱ ቀና አላሉም።

«እሱ መኪናዋ ቤንዚን አፍስሳ ነው ብሎኛል» አሉ። «በዚያች አልታዘዝ ባለች ምላሱ፣ በመከራ ነው የነገረኝ። አንቺ ስትመጪ ክፉ እንዳልናገርሽ ነበር ለካ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ቤንዚን ነው ብዬ፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብዬ ማደር ጀምሬ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልደር? ለእኔ ብለሽ ነው የነገርሽኝ ወይስ ሸክምሽን ለማውረድ?»

እትዬ ጣፈጠች ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

«ሂጂ። አልረግምሽም፤ ግን ወደዚህ ቤት አትመለሺ።»

በሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ቦታዋን ዘጋችና ዳይሬክት ያደረገቻቸውን ሦስት መኪኖች ፍለጋ ወጣች። አንዷ እዚያው ሶዶ ነበረች፤ በአንድ ሰዓት ጨረሰቻት። ሁለተኛዋ ቤሌ ከተማ የሚኖሩት የአቶ ኤርካሎ በቆሎ ጫኝ ላንድሮቨር ናት። አቶ ኤርካሎ በአውቶቡስ እዚያ ድረስ መጥታ «መኪናዎን አበላሽቻለሁ፣ ላስተካክለው» የምትል ሠራተኛ አይተው ስለማያውቁ ጠረጠሯት። «አራት ዓመት ሄዷል እኮ፣ ተይው» አሉ። በወላይትኛ የጋሼ ወልደሰንበትን ነገር ስትነግራቸው ቁልፉን ሰጧት።

ሦስተኛዋ አሮጌ ቶዮታ ሃላሌ ከተማ ላለ ፋኑኤል ለሚባል ነጋዴ ተሸጣለች ሲሏት እዚያም ሄደች። ፋኑኤል «እኔም ሸጥኳት፣ ወደ ሳውላ በኩል ሳትሆን አትቀርም። የገዛኝ ሰው ስልክ ግን ጠፍቶብኛል» አላት። የስልክ ቁጥሯን ሰጥታው ተመለሰች። እስካሁን የደወለላት የለም። ያቺ ቶዮታ የሆነ መንገድ ላይ መብራቷን አብርታ እየሄደች ነው።

በቅርቡ የመብራቱ ፊውዝ እየተቃጠለ ያስቸገረው አንድ ሾፌር መጣና «እቸኩላለሁ፣ ዳይሬክት አድርጊልኝ» አላት። «አላደርግም። መስመሩን ፈልጌ ልሥራልህ፣ ወይም ፊውዙን ልንቀልልህና በአንዱ መብራት ሂድ» አለችው። ለመናት፤ ከዚያ ተቆጣ። ስለ ጋሼ ወልደሰንበት ልትነግረው ስትጀምር ሳይሰማት መኪናውን አስነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጋራዥ ገባ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱንም መብራት አብርቶ ወጣ። በደጇ ሲያልፍ ክላክስ አደረገላት።