የዐዋጢፍ እሾህ

መንጌ መንደር ውስጥ ገላውን ያሳከከው ሰው ሁሉ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ትልቅ ትንሹ "እናቴ" የሚላት መድኃኒተኛ ዐዋጢፍ ዘንድ። ጭርት ከሆነ ዳሩ ከፍ ብሎ ክብ ይሠራል፣ መሃሉ ይጠራል፤ ለእሱ ከሱዳን ነጋዴዎች የምታገኘውን ድኝ በሰሊጥ ዘይት ለውሳ ትቀባለች። ነጣ ያለ ምልክት ካየች ደግሞ በእሾህ ጠቅ ታደርጋለች። በሽተኛው ከሸሸ፣ "ቋቁቻ ነው፣ ሂድ ወደ ሥራህ" ብላ ትስቅበታለች። ካልተሰማው ግን ሥጋ ደዌ ነው፤ ያ ሰው ከመንደር ይወጣል። የእሷን እሾህ የሚጠራጠር አልነበረም።

አንድ በጋ የገዢው ሰዎች ለግብር አንዲት ልጃገረድ ሊወስዱ መጡ። አለቃቸው ረጀብ የሻዕባንን ልጅ ኢቲዳልን መረጠ፤ ቀረብ ሲል አንገቷ ላይ ያለውን ክብ አየና ዐዋጢፍን አስጠራት።

"ጭርት ከሆነ መንገድ ላይ ይድናል" አለ። "ሌላ ከሆነ ግን ሰው ሁሉ እያየ ውጊያትና ንገሪኝ።"

ጭርት ነበር። ዐዋጢፍ ራሷ ድኙን መቀባት ከጀመረችላት ገና አራት ቀኗ ነው። ቁስሉን የምታይ መስላ ጎንበስ አለችና በልጅቱ ጆሮ፣ "ስወጋሽ ንቅንቅ እንዳትዪ" አለቻት።

እሾሁ ገባ፤ ደም ወጣ። ኢቲዳል ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"አልተሰማትም" አለች ዐዋጢፍ።

ረጀብ እጁን በልብሱ ጠራረገ። "እንግዲያው የዚያኛውን ልጅ አምጡ" አለና የሻዕባንን ጎረቤት የጁምዓን ልጅ ይዘው ሄዱ። ዐዋጢፍ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ መስሏት ነበር።

በወሩ የኢቲዳል አንገት ጠራ። መንደሩ ግን ትውጣ ብሎ ቆርጧል። ሻዕባን ዐዋጢፍን ይዞ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ።

"እናቴ፣ እስቲ እንደገና ውጊያት። ድናለች እኮ።"

ጁምዓ ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ጦሩ ጉልበቱ ላይ ነው። ልጁ ከሄደች ወዲህ ከእጁ አውጥቶት አያውቅም።

"ትውጋት" አለ ቀስ ብሎ። "ጭርት ከነበረማ፣ የእኔ ልጅ በማን ፈንታ እንደሄደች እናውቃለን።"

ዐዋጢፍ እሾሁን አወጣች። ሻዕባንን አየች፤ ጦሩን አየች። ኢቲዳል ማንም ሳይነግራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰጠቻት፤ እሾሁ ሲገባም ንቅንቅ አላለችም።

"አልተሰማትም" አለች ዐዋጢፍ፣ ዳግመኛ።

ለኢቲዳል ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀለሱላት። ዐዋጢፍ በየሁለት ቀኑ የማሽላ ገንፎ ይዛ ትሻገራለች። አንድ ቀን ኢቲዳል ክንዷን ዘረጋችላት፤ ሌላ ክብ ወጥቷል።

"ድኙን ይዘሽልኝ ነይ፣ እናቴ። ሌሊቱን ሲያሳክከኝ አደረ።"