ዋጋ የተባለው ቀይ ሻሽ

ዳፑ ስትዘፍን የሰፈራችን ሴቶች ከበሮውን ቀስ አድርገው ነበር የሚመቱት፤ ድምጿን እንዳይሸፍኑባት። የሠርግ ዘፈን የተባለውን ሁሉ ታውቃለች፤ የወንድም ዘፈን ግን የእሷ የብቻዋ ነበር። በእኛ በማርዋር፣ በምዕራብ ሕንድ በረሃ፣ እህት ልጇን ስትድር ወንድሟ ከአባቷ ቤት ልብስና ጌጥ ይዞ ይመጣል። እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ ትቀበለዋለች፤ እሱም ቀይ ሻሽ ራሷ ላይ ያለብሳታል። ይህ ወግ ማይራ ይባላል። በዚያች ቅጽበት የማያለቅስ የለም፤ ዳፑ ደግሞ እንዲህ ስትል ድንጋዩም የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር፦

ወንድሜ መጣልኝ በአሸዋው መንገድ፣
የግመሉ ደወል ልቤ ላይ ሲወርድ።
ሰማይ ቢከፋብኝ ምድሩ ቢጠብም፣
ወንድም ያለኝ ሴት ነኝ በሩ አይዘጋብኝም።

ስሟ በእኛ አገር «ሴት ልጅ በቃን» እንደማለት ነው። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሴቶች በሕፃንነታቸው ቢያልፉም አባትየው ወንድ ፈልገው ነበርና እንዲህ ብለው ጠሯት። ከዚያ ኬሳራም ተወለደ። እናታቸው እርሻ ስትውል ወገቧ ላይ አዝላ ያሳደገችው ዳፑ ናት። ከእጇ በቀር ከማንም እጅ አይበላም ነበር። እኔ የጎረቤታቸው ልጅ ነኝና ይህን ከሰው አልሰማሁትም፤ አይቼዋለሁ።

አባታቸው ሲሞቱ ኀዘኑ ባለቀ ማግስት ኬሳራም እህቱን መሬት መዝገብ ቤት ወሰዳት። ሕጉ ለሴት ልጅም እኩል ድርሻ ሰጥቷል። እኛ ዘንድ ግን ድርሻዋን የወሰደች እህት ወንድም የላትም። ስለዚህ እህቶች ድርሻቸውን ለወንድሞቻቸው እንደተዉ ይፈርማሉ። ማንም አያስገድዳቸውም፤ ማናቸውም እንቢ አይሉም።

«ጂጂ» አላት። እኛ ታላቅ እህታችንን እንደዚያ ነው የምንጠራት። «ያው ወጉ ስለሆነ ነው። ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ያለችው ክፍል ግን ያንቺ ናት። ዛሬም ያንቺ፣ ስታረጂም ያንቺ።»

«ሞኝ! ለእኔ ነው ደግሞ ይህን የምትነግረኝ?» ብላ ሳቀች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጇን ስትድር ኬሳራም ማይራውን አሳምሮ ይዞ መጣ። ቀዩን ሻሽ ራሷ ላይ አለበሳት። እሷም ዘፈነች፤ እስኪነጋ አለቀስን፣ እስኪነጋ ጨፈርን።

ከዚያ ባሏ ሞተ። የባሏ ወንድሞች ቤቱን ለልጆቻቸው ፈለጉት፤ ፊታቸውን አጠቆሩባት። ዳፑም ጓዟን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ኒሙ ሥር ያለችው ክፍል በትልቅ ቁልፍ ተቆልፋለች። በስንጥቁ አጮልቃ ብታይ እስከ ጣሪያው የማዳበሪያ ከረጢት ነው።

«ለነጋዴ አከራየሁት እኮ» አለ ኬሳራም፣ ወደ ዛፉ እያየ። «አንቺ ደግሞ የባልሽ ቤት አለሽ።»

«ቃል ገብተህልኝ የለ እንዴ?»

«ወይ ጂጂ! ለቅሶ ላይ ሰው ስንት ነገር ይላል።»

ያን ቀን ማታ እኔ ቤት አደረች፤ ከዚያም በኋላ እኔው ጋ ኖረች። ፊርማው ይፍረስልኝ ብላ እዚያው የወረዳው ፍርድ ቤት ከሰሰችው፤ ረታት። ወደ ጆድፑር፣ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ አለች። መንደሩ ጉድ አለ።

«ወንድሟን የከሰሰች ዘፋኝ!» አለቻት አንዷ፣ የውሃው ቧንቧ ዘንድ። «ከእንግዲህ ለማን ልትዘፍኚ ነው? ለዳኛው?»

«ጥሩ አድማጭ ከሆነ ምን አለበት» አለች ዳፑ፣ እንስራዋን እያነሳች። ቤት ስንገባ ግን እንስራውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጠበቃዋ ቦህራ የምትባል ወጣት ሴት ናት። በቀጠሮው ጠዋት የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ይዛን አንሾካሾከች። «እማዬ፣ ምን ላይ እንደፈረምሽ አላወቅሽም ነበር፤ አይደል? ስለ ጉድጓዱ ውሃ የሚፈረም ወረቀት መስሎሽ ነው። እንዲያ ከሆነ ነገሩ ይቀለናል።» ዳፑ ደረጃውን ወጣች።

ችሎቱ ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ የስንቱ ሰው ኑሮ በፊታችን አለፈ። መሪ ላይ አንቀላፍቷል ተብሎ የተባረረ የአውቶቡስ ሾፌር ወደ ሥራው ተመለሰ። ከቤተሰቦቻቸው ሸሽተው የተጋቡ ወጣቶች ፖሊስ እንዲጠብቃቸው ተፈቀደ፤ ልጅቷ እጁን ሳትለቅ ወጣች። አንድ መንደር ደግሞ በፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሠራተኞች ስለተቆረጡበት፣ በረሃችን ስለሚያከብራቸው የኬጅሪ ዛፎች አቤት አለ፤ የቀሩት እንዳይነኩ ታዘዘ። ዳፑ ለዛፎቹ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ስሟ ተጠራ።

«እማማ» አሉ ዳኛው፣ ሽበታም ናቸው፣ «ይህን ስትፈርሚ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ዳፑ ኬሳራምን አየችው።

«አውቅ ነበር ጌታዬ። ወንድሜ ነው፤ ሰጠሁት። የምኖርባት ክፍል እንደሚተውልኝ ነግሮኝ ነበር።»

ጠበቃ ቦህራ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አለቀልን አልኩ። ኬሳራም «አዎ፣ ሰጥታኛለች» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ስጦታዋን ካመነ ቃሉንም ማመን ሊኖርበት ነው። የእሱ ጠበቃ ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ ስጦታ የሚባል ነገር የለም። ደንበኛዬ ድርሻዋን ገዝቷል። ዋጋውንም በልጇ ሠርግ ከፍሏል፤ በማይራው። ልብሱ፣ ጌጡ፣ ራሷ ላይ ያለበሳት ሻሽ ሳይቀር ዋጋ ነው። ገዢ ደግሞ ለሻጭ ክፍል ልተውልሽ ብሎ ቃል አይገባም።»

ዳፑ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ እጇ ሳታውቀው ወደ ራሷ ሄደ፤ የሆነ ሰው ከላይዋ ላይ ልብስ እንደገፈፋት ነገር።

«አንተ ራስህስ እንዲህ ነው የምትለው?» አሉ ዳኛው።

ኬሳራም ጫማውን አየ። «አዎ ጌታዬ። ተከፍሏታል።»

«ሠርጉ ከፊርማው በኋላ አይደል የሆነው? ታዲያ ስትፈርምልህ ልጅቷ መቼ እንደምታገባና የሻሹ ቀለም ምን እንደሚሆን ተስማምታችሁ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ዳፑ ብቻ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ማይራ የእህትና የወንድም ወግ ነው እንጂ የመሬት ዋጋ አይደለም። ወንድሙ በገዛ አንደበቱ ስጦታ አልተቀበልኩም ብሏል፤ ገዛሁ ያለበት ዋጋ ደግሞ አልተከፈለም። ስለዚህ ፊርማው ፈርሷል፤ ቤቱም እርሻውም ለሁለት እኩል ይከፈል። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ኬሳራም ዞሩ። «እህቴ በፍቅር ሰጠችኝ ብትል ኖሮ ዛሬ የምትረታው አንተ ነበርክ።»

ጠበቃ ቦህራ አቀፈቻት። «አሸነፍን እማዬ!»

«ማንን?» አለች ዳፑ።

ደረጃው ላይ ኬሳራም ተከትሎን መጣ። «ጂጂ፣ ጠበቃው ነው እኮ እንዲያ በል ያለኝ።»

«እኔንም ጠበቃዬ በይ ያለችኝ ነገር ነበር» አለችውና አለፈችው። መናኸሪያው ጋ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ትኩስ ቃሪያ ገዝቼ እጇ ላይ አኖርኩላት። እስኪቀዘቅዝ ይዛው ተቀመጠች፤ አልቀመሰችውም።

መንደሩ መልሳ ትሰጠዋለች ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ እኔ ግቢ መጡ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ክብርሽ ተመልሶልሻል። አሁን ድርሻሽን ተዪለትና ወንድምሽን አትርፊ።»

«አባቶቼ፣ ቢጠይቀኝ ሁለተኛም እፈርምለት ነበር» አለች፤ ድምጿ ያ የምንወደው ድምጽ ነበር፣ ስትዘፍን የሚርበተበተው። «እሱ ግን ገዢ ነኝ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ለገዢ ስጦታ አይሰጥም።»

ማዳበሪያው ወጣ። ክፍሏን ራሷ ጠረገች፤ ሽታው ግን ክረምቱን ሙሉ አልለቀቃትም። ቀያሹ መጥቶ ግቢውን ለሁለት ሲከፍል ኒሙ በእሷ በኩል ሆነ፤ ጥላው ከሰዓት በኋላ በእሱ በኩል ይወድቃል። ግንበኛው ቦማራም በመሃሉ ቀይ ድንጋይ ይደረድር ጀመር። ግንቡ አንገት ጋ ሲደርስ ኬሳራም ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ከስቷል።

«ጂጂ... ለልጆቹ ብለሽ ትንሽ መስኮት ቢጤ ተዪበት። አክስታችን የት ሄደች እያሉኝ ነው።»

ዳፑ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። እኔ አውቃታለሁ፤ እሺ ልትለው ትንሽ ነበር የቀራት።

«መስኮቱን በስንት ትገዛኛለህ?» አለችው።

ቦማራም ድንጋዩን እንደያዘ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

«ምን ልሥራ እንግዲህ፣ እናቴ?»

«አንድ ረድፍ ጨምርበት» አለች።

ድንጋዩ ተቀመጠ። የኬሳራም አገጭ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ከእኛ ተሰወረ። ዳፑ ግን ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆማ ግንቡን ታይ ነበር።